ለገና ዶሮ ምን እንጠጣ?

ረዘም ይላል፤ ቡና ቀድታችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ኢንቦክሴ ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ ነው። ካስተማርኳቸው ልጆች አዲስ አበባ፣ አዳማና ሐዋሳ ሥራ የያዙት ለገና ወደ ጎባና ሮቤ ሊመጡ ነው። "ቲቸር፣ ለቤተሰብ አንድ ጥሩ የውጭ ወይን ልይዝ ነበር፤ ከዶሮ ወጥ ጋር የሚሄደው የቱ ነው?" ይሉኛል። አንዷማ የሦስት ጠርሙስ ፎቶ ልካ "ይምረጡልኝ" አለች።

እኔን ለምን እንደሚጠይቁ ይገባኛል። ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ፈርመንቴሽን ላይ ስንደርስ ምሳሌዬ ሁሌም ጠጅና ጠላ ነው። መጽሐፉ "ግሉኮስ ወደ ኢታኖልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል" ይላል፤ ልጁ ግን የናቱ ጋን ሲንተከተክ ሰምቶ ነው ያደገው። ከዚያ በኋላ "ቲቸር መጠጥ ያውቃል" የሚል ስም ወጣልኝ። ይሁን፣ ክፉ ስም አይደለም።

ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለበዓል ማዕድ መጠጥ በሁለት ነገር ይመረጣል። አንደኛው ትሪው ላይ ያለው ምግብ ነው፤ ሁለተኛው በትሪው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ነው። ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው አገር ስም መምረጥ ግን ገንዘብም ጣዕምም ያስከስራል። በነዚህ በሁለቱ ከመዘንን ደግሞ የባሌ ማርና የባሌ ገብስ ከየትኛውም የውጭ ጠርሙስ በላይ ለገና ማዕዳችን ይስማማል ባይ ነኝ። የማይስማማ ካለ ኮሜንት ላይ እንከራከር።

መጀመሪያ ዶሮ ወጡን እንወቀው

ዶሮ ወጥ ውስጥ አራት ነገር አለ። ሽንኩርቱ ለሰዓታት ሲቁላላ ቆይቶ ጣፋጭ ሆኗል። በርበሬው ያቃጥላል። ንጥር ቅቤው ቅባት ነው። ከሥሩ ያለው እንጀራ ደግሞ ኮምጣጣ ነው። ጣፋጭ፣ የሚያቃጥል፣ ቅባት፣ ኮምጣጣ፣ አራቱም ባንድ ጉርሻ ውስጥ! በዓለም ላይ ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያጎርስ ምግብ ብዙ አይመስለኝም። ከዚህ ጋር የሚጠጣ ነገር አራቱንም መቻል አለበት።

በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ስብ ውስጥ ግን ይሟሟል። ለዚህ ነው በዶሮ ወጥ የተቃጠለ ሰው ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶም "እፍ፣ እፍ" ማለቱን የማያቆመው። ከዶሮ ጎን አይብ የሚቀርበውም ለዚሁ ነው፤ የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ከምላስ ላይ ያነሳዋል። እናቶቻችን ካፕሳይሲን የሚለውን ስም ሳይሰሙ መድኃኒቱን ትሪው ዳር አስቀምጠውታል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። ብዙዎቻችሁ ፎቶውን የላካችሁልኝ ደረቅ ቀይ ወይን ነው። እንዲህ ዓይነቱ ወይን አብዛኛውን ጊዜ 13 ወይም 14 በመቶ አልኮል አለው። ምላሳችን ላይ ማቃጠልን የሚለየውን ተቀባይ ካፕሳይሲንም አልኮልም ይነኩታል፤ ስለዚህ ጉልበተኛ መጠጥ በበርበሬ ላይ ሲጨመር ማቃጠሉን ያብሰዋል። በዚያ ላይ ታኒን አለው። ታኒን ማለት ሻይ ቅጠል በዝቶበት ብዙ የቆየ ሻይ ስትጠጡ አፋችሁን ጭምድድ የሚያደርገው ነገር ነው። ታኒን ከሚያቃጥል ምግብ ጋር ሲገናኝ ይበልጥ ይመራል፣ ይበልጥ ይሻክራል። በብዙ ገንዘብ የገዛችሁት ወይን ዶሮ ወጥ ፊት ሲቀርብ መራራ መድኃኒት የሚመስለው ለዚህ ነው። አባባ አንድ ጊዜ ፉት ብለው ፊታቸውን አጨማደው "ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይሏችኋል፤ ከዚያ ብርጭቆው እስከ ማታ እዚያው ይቀመጣል። አይታችሁ ታውቁ የለ?

ወይኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለሌላ ምግብ የተሠራ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከተጠበሰ ሥጋ ጋር አብሮ ያደገ ወይን ከፈረንሳይ ሥጋ ጋር ይሄዳል። እዚያው ያሉት የወይን አዋቂዎች ራሳቸው ለሕንድና ለታይላንድ ምግብ ምን ይመክራሉ? ትንሽ ጣፋጭነት ያለው፣ አልኮሉ ቀለል ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ነጭ ወይን፤ በተለይ የጀርመኑን ሪዝሊንግ። ምክንያቱም ጣፋጩ ማቃጠሉን ያበርዳል፣ ኮምጣጣው ቅባቱን ይቆርጣል።

እስቲ ቆም በሉና ይህን አስቡት። ጣፋጭነት ያለው፣ ኮምጠጥ የሚል፣ ቀለል ያለ፣ ወርቃማ ቢጫ። እንዴ! ይሄ ለስላሳ ጠጅ አይደለም እንዴ?

ጠጅ ለምን ይስማማል?

ጠጅ ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው። ማሩ በርበሬውን ያበርዳል። ጌሾው ቀለል ባለ ምሬቱ ቅቤውን ከአፍ ላይ ያጥባል። ሲብላላ የሚያመጣው ኮምጣጣነት ከእንጀራው ጋር እኩል ይቆማል። ውስጡ የቀረችው ትንሽ ጋዝ ደግሞ ለቀጣዩ ጉርሻ አፋችሁን ታዘጋጃለች። አራት ችግር፣ አራት መልስ።

ግን ጠጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠጅ ቤት የሄደ ሰው ያውቃል፤ ለስላሳ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ደረቅ አለ። ደረቁ ስኳሩ አልቆ ወደ አልኮል ስለተለወጠ ጉልበቱ ከወይን የማያንስበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ስለ ወይኑ ያልኩት ስለ ደረቅ ጠጅም ይሠራል። ለዶሮ ወጥ ለስላሳው ወይም መካከለኛው ይሻላል፤ ደረቁ ለጥብስ ይቆይ።

አንድ ነገር ልጨምር። "ወይን ጠጅ" የሚለውን ቃላችንን አስተውላችሁታል? ቋንቋችን የወይኑን መጠጥ የጠራው በጠጅ ስም ነው፤ "ከወይን የተሠራ ጠጅ" ማለት ነው። መለኪያው ጠጅ ነበር ማለት ነው። ግዕዙና ትግርኛው ሜስ ይሉታል፣ ኦሮምኛው ዳዲ ይለዋል፤ ሁሉም የራሱ ቃል አለው።

ዕድሜውንም ብናየው ጠጅ ከዶሮ ወጣችን ይበልጣል። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት፣ በዚህኛው የዓለም ክፍል ማንም አያውቀውም ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግን የማር ጠጅ በየግብሩ ሲጠጣ አይቶ ጽፏል። ያኔ ጠጅ የነገሥታትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ተራው ሰው የሚጠጣው ጠላ ነው። እንግዲህ እዩት፣ ትናንት የክብር ምልክት የነበረው ዛሬ "የድሮ ነገር" ተብሎ ጓዳ ገባ፣ ጠርሙሱ ደግሞ ሳሎን ወጣ።

ወይን ይቅር ወይ?

ኧረ አላልኩም! ወይን ለሚወድ ሰው እዚሁ አገራችን የሚጠመቅ አለ። ቦታውን ካወቀ ያምርበታል። እንደኔ እንደኔ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

ለዶሮ ወጥ፦ ለስላሳ ጠጅ ወይም ብርዝ። ወይን ካላችሁ ጣፋጭነት ያለው ይሁን። አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ ነው፤ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ አቅርቡት። ከዝዋይ (ባቱ) ከሚመጣው አካሺያም መካከለኛ ጣፋጭ የሚለውን መምረጥ ትችላላችሁ። "ጣፋጭ ወይን የሴት ነው" የሚል ወንድ አይጠፋም። ምላስ ፆታ የለውም፣ ወንድሜ።

ለጥብስና ለቀይ ሥጋ፦ ደረቅ ቀይ ወይን የሚያምርበት ቦታ ይህ ነው። ሥጋው በርበሬ ካልበዛበት ታኒኑ ከፕሮቲኑና ከስቡ ጋር ተያይዞ ይለሰልሳል። ጉደር አለ፤ ከባቱ ደግሞ ሪፍት ቫሊ ሜርሎና ሲራ አለ። ደረቅ ጠጅም እዚህ ይግባ። ግን ሚጥሚጣውንና አዋዜውን ፈንጠር አድርጉት፤ አለዚያ ወደ ዶሮ ወጡ ችግር ተመልሰን እንገባለን።

ለበግ አልጫ፦ እርድ፣ ዝንጅብልና ቅቤ ነው እንጂ በርበሬ የለም። እዚህ ደረቅ ነጭ ወይን ይገባል፤ ከባቱው ሻርዶኔ አለ። ጠላም በጣም ይስማማል።

ለድፎ ዳቦና ለጩኮ፦ ጩኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ነው፤ ባሌና አርሲ ያደገ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ከሱ ጋር ቡና ወይም ወተት። አልኮል እዚህ ምንም አይሠራም።

አረቄ፦ ከበርበሬ ጋር በጭራሽ! እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው። የግድ ከሆነ ከምግብ በኋላ፣ በመለኪያ፣ አንድ።

ወይን በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዋሽ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ሲጠምቅ ኖሯል፤ የፈረንሳዩ ካስትል ዝዋይ ላይ ተክሎ የመጀመሪያውን ወይን ገበያ ያወጣው በ2006 ዓ.ም ነው። ከጎባ ተነስቶ በሻሸመኔ በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባቱን አቋርጦ ያልፋል። ወይኑ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ባሕር አልተሻገረም። የውጭውን ስትገዙ ግን ማጓጓዣውን፣ ጉምሩኩንና ኤክሳይስ ታክሱን ነው አብራችሁ የምትገዙት። እነዚያ ደግሞ አይጠጡም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መለኪያ፦ ማን ተቀምጧል?

እስካሁን ስለ ምላስ ነው ያወራሁት። ለኔ ዋናው ነገር ግን ይሄኛው ነው።

ጎባና ሮቤ ውስጥ በዓል ማለት ጎረቤት ማለት ነው። ጎረቤታችን ሙስሊም አለ፣ ኦርቶዶክስ አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የኛን እርድ አይበሉም፤ እኛም በአረፋና በረመዳን ፍቺ የነሱን አንበላም። ይህ ከድሮ ጀምሮ የተከባበርንበት ልማድ ነው፣ ማንም በማንም አይቀየምም። ግን እንግዲህ አስቡት፤ ዶሮው ለጎረቤቴ ካልሆነ እሱ ከኔ ገና ምኑን ይካፈላል? ዳቦውን፣ ፈንዲሻውን፣ ቡናውን። እና መጠጡን!

የማዕዳችን ዋና ምግብ ይለያየናል፤ የሚያገናኘን ዳቦውና የሚጠጣው ነው። መጠጡን በሙሉ አልኮል ካደረግነው የቀረችውን አንዷን የጋራ በር በገዛ እጃችን ዘጋናት ማለት ነው። ያ ሰውዬ ለአምስት ደቂቃ ይቀመጣል፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ብሎ ይነሳል። ወይ ሳጥን ለስላሳ ከሱቅ ይመጣለታል፤ እሱም አይከፋም፣ ግን "ላንተ ተብሎ የተሠራ" የሚል ነገር የለበትም።

ብርዝ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ማር በውሃ ነው፤ ሳይብላላ ሲቀርብ አልኮል የለውም። ከዶሮ ወጥ ጋር ደግሞ እንደ ጠጅ ይስማማል፣ ምክንያቱም በርበሬውን የሚያበርደው ማሩ ነው እንጂ አልኮሉ አይደለም። ለእንግዳ፣ ለነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት ለሚወስድ፣ መኪና ለሚነዳ፣ ለአያት፣ ለልጅ፣ ለሁሉም ባንድ ማንቆርቆሪያ ይቀዳል። እርግጥ ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከማሩ መጠንቀቅ አለበት፣ ለሱ ውሃና ቡና አይጥፋ።

ቀሪቦም አለላችሁ። ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳርና ትንሽ እርሾ ይገባበታል። በብዙ ቦታ ሙስሊሞችም አልኮል የማይጠጡ ክርስቲያኖችም ለበዓልና ለሠርግ የሚያዘጋጁት መጠጥ ነው። የኛ አገር ደግሞ የገብስ አገር ነው፤ ታኅሣሥ ላይ አዲሱ ገብስ ገብቷል። ያችን የተቆላ ገብስ ጠረን የመሰለ ነገር ከየትኛው ፋብሪካ ነው የሚመጣው? አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ብርዝም ቀሪቦም ከቆዩ መብላላታቸው አይቀርም። ስለዚህ ለማይጠጣ እንግዳ ትኩስ የተሠራውን ስጡት፤ መቼ እንደተሠራም በግልጽ ንገሩት፤ የሚቀዳበት ዕቃ ጠላና ጠጅ ያልገባበት ይሁን። ይህን የምታደርጉት ሰውዬው ሳይጠይቃችሁ ነው፤ ከጠየቀማ አፍሯል ማለት ነው።

"ጠጣ እንጂ፣ በዓል አይደል!" የሚለውን ነገርም ብንተወው ደስ ይለኛል። ሰው "አይ፣ አልጠጣም" ሲል ምክንያት መጠየቅ የለበትም። እንግዳን "በሞቴ" እያሉ ማጉረስ ደግነት ነው፤ "በሞቴ" እያሉ አልኮል ማስጎንጨት ግን ሌላ ነገር ነው።

ገንዘቡ የት ይሂድ?

ለአንድ የውጭ ጠርሙስ የምታወጡትን ገንዘብ ይዛችሁ ጎባ ገበያ ውጡና ስንት ኪሎ ማር እንደሚገዛ ራሳችሁ አስሉት። ከሪራና ከሐረና ጫካ በኩል የሚመጣ ማር አለ፤ ቀፎው ትልልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ሰው በገመድ ወጥቶ የሚያወርደው ማር ነው። ያ ማር ገዢ ካገኘ ጫካው ቆሞ የሚውልበት ምክንያት ይኖረዋል፤ ዛፍ ከሌለ ቀፎ የት ይሰቀላል? የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ ሰሞን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ፕሮፋይላችንን ቀይረን ተደስተናል። ደስታው ጥሩ ነበር፤ ማሩን መግዛት ደግሞ ከፕሮፋይል ፎቶ የሚበልጥ ድጋፍ ነው።

ሌላው፣ ጠጅ መጣል ሙያ ነው። የሚያውቁት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ዕቃውን በወይራ ማጠን፣ የማሩንና የውሃውን መጠን በዓይን መለካት፣ ጌሾውን መቼ ማውጣት እንዳለባቸው በጠረኑ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ የትም ትምህርት ቤት አይሰጥም። እኛ ካልገዛናቸው ልጆቻቸው አይማሩትም፤ በሃያ ዓመት ውስጥ የሚቀረን ስኳር በቀለም ብቻ ነው። እሱማ አሁንም "ጠጅ" ተብሎ በየቦታው ይሸጣል፤ ቢጫ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ማር ግን አያውቀውም። እኛ ስለ ዋጋ ብቻ እየጠየቅን ስለ ማሩ ካልጠየቅን የሚሸጠው ሰው ለምን ማር ይገዛል? ጠጅ ስትገዙ "ማሩ ከየት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በእውነት ማር የገባበት ጠጅ የምትሸጥ እናት ጥያቄውን ትወደዋለች።

ከወዲሁ መልስ ልስጥ

"አስተማሪ ሆነህ ስለ መጠጥ ትጽፋለህ?" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሴ፦ መጠጡ ከማዕዳችን ላይ ስለማይጠፋ በአግባቡ እናውራበት ነው። ዝም ስንል ልጆቹ ከማስታወቂያና ከጓደኛ ይማራሉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል። አሁን ማስታወቂያውን በነፃ የምንሠራው እኛው ነን፤ የበዓል ፎቶ ላይ ጠርሙሱን ከፊት፣ እናታችንን ከኋላ አድርገን። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይህን ፎቶ ነው የሚያዩት። "ሰው ሆነ" ማለት ጠርሙስ ይዞ መምጣት ማለት ይመስላቸዋል። ስለዚህ 21 ያልሞላችሁ ልጆች፣ ከላይ የዘረዘርኩት ወይንና ጠጅ እናንተን አይመለከትም። ብርዙ ግን የናንተም ነው፤ እኩል ጣፋጭ፣ እኩል በዓል።

"ወይን በመጽሐፍም አለ፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላን እናከብር የለ?" የሚልም አይጠፋም። አለ፤ እናከብራለን። የቅዳሴው ወይን ግን ከዘቢብ ለዕለቱ የሚዘጋጅ ነው፤ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ካለው ጠርሙስ ጋር ባናቀላቅለው ጥሩ ነው። የቃናውን ታሪክ እኔ የማነበው ደግሞ በሌላ በኩል ነው፤ ደጋሹ በእንግዶቹ ፊት እንዳያፍር የታሰበለት ሰርግ ነው። እንግዳ የማያሳፍር መጠጥ የትኛው ነው? እንደ እንግዳው ነዋ።

"የውጭ ወይን አመጣለሁ ማለት ለወላጅ ክብር መስጠት ነው" የሚለው ደግሞ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ ምክንያቱም እውነት አለው። ልጅ ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ለናቱ ሲያቀርብ ደስ የሚል ነገር አለው፤ በሱ አልስቅም። ግን እናት ከልጇ ጋር የምትጋራው ነገር ይሻላታል ባይ ነኝ። ያቺ ጠርሙስ መጨረሻዋ የት እንደሆነ እናውቃለን፤ ቢፌ ላይ ናት። ከሠርግ ስጦታው ብርጭቆ ጎን፣ ፀሐይ እየመታት፣ ስንት ገና ታያለች። "ወይን ሲቆይ ይጥማል" የሚባለው ለጥቂት ወይኖች ብቻ ነው፤ አብዛኛው ተራ ወይን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው የተሠራው። ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ያበላሹታል። ቢፌ ላይ ያለው ጠርሙስ ሲከፈት ኮምጣጤ ቢሆን አትገረሙ።

ለጎባና ለሮቤ ሰው የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች

1. ጠጁ አሁን ይጣል። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ናት፣ የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለው። እርሾ ቅዝቃዜ አይወድም፤ ቆላ ላይ በሁለት ሦስት ሳምንት የሚደርስ ጠጅ እዚህ ይዘገያል። የገና ጾም ኅዳር 15 ገብቷል፤ ታኅሣሥ 29 ሩቅ አይደለም። ዕቃውን ምድጃ ያለበት ቤት አስቀምጡት፣ በጋቢ ጠቅልሉት።

2. መጠኑ፦ አንድ እጅ ማር ለሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ። ማሩ ሲበዛ ለስላሳነቱ ይቆያል፣ ለዶሮ የሚሆነውም እሱ ነው። የቀረውን እናቶችን ጠይቁ፤ ከኔ እነሱ ያውቃሉ።

3. ወይን ለማቀዝቀዝ ፍሪጅ አትፈልጉ። መጽሐፍ ላይ "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል" ሲባል የኛን ክፍል አያውቁትም! የጎባ ጓዳ ራሱ ፍሪጅ ነው። ጣፋጩንና ነጩን ማታ ደጅ ብታሳድሩት በቂ ነው፤ ደረቁን ቀይ ግን ከመክፈታችሁ በፊት ሳሎን አቆዩት።

4. 43 ቀን የጾመ ሆድ ነው። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ባዶ ሆድ ላይ መጠጥ መጨመር አይገባም። መጀመሪያ ጥቂት ምግብ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ብርዝ፣ ጠጁ ቀኑን ሙሉ አለ።

5. ለማይጠጣው እንግዳ የተዘጋጀው መጠጥ ከጠጁ ጋር እኩል ቦታ ይቀመጥ። ከበሩ ጥግ አይሁን፣ "ለልጆች ነው" ተብሎም አይቅረብ። ያው ማንቆርቆሪያ፣ ያው ብርጭቆ፣ ያው "እንኳን አደረሰህ"።

እንግዲህ ከሩቅ የምትመጡ ልጆች፣ እኔን ከሰማችሁኝ ሦስት ኪሎ ንጹሕ ማር ግዙና ዛሬውኑ ለቤት ላኩ፤ ወይም ለቤተሰብ ደውላችሁ ከጎባ ገበያ እንዲገዙ ገንዘቡን ላኩ። አንዱ ኪሎ ለብርዝ ይቀመጥ፣ ሁለቱ ዛሬ ጠጅ ይጣል። ጠርሙስ ማምጣቱ የግድ ከሆነ ጣፋጩን ያዙ፣ በዕለቱም ይከፈት፣ ቢፌ ላይ አይውጣ።

በየቤታችሁ ከዶሮ ጋር ምን ይጠጣል? የብርዝ ወይም የቀሪቦ አሠራር የሚያውቅ ኮሜንት ላይ ያስቀምጥልን፤ በተለይ የሐረና ማር በእጁ ያለው ሰው። ለጾመኞች መልካም ጾም፣ ለሁላችንም ሰላም ያድርሰን።